በክኒንና በቅባት መካከል፦ ለዓይን የባክቴሪያ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ንጽጽር ሲመረመር

መግቢያ

ከደምበጫ አንሥቶ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ዓይኑን ታምሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። ያው ሰው በጅምላ የመድኃኒት እደላ ወቅት ደግሞ ቁመቱ በዘንግ ተለክቶ አዚትሮማይሲን ይሰጠዋል። ሁለቱም መድኃኒቶች የዓለም ጤና ድርጅት ለትራኮማ ሕክምና የሚመክራቸው ናቸው። በዚህም የተነሣ «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በሙያ ባልደረቦቻችን መካከል ደጋግሞ ይነሣል። መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «እኩል ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ቅባት ጊዜው አልፎበታል» ይላል፤ ሦስተኛው «ያለውን መስጠት ነው» ብሎ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለአንዱ መድኃኒት አሸናፊነትን ማወጅ አይደለም። ዓላማው ንጽጽሩ የተካሄደበትን መንገድ መመርመርና በእጃችን ያሉት ማስረጃዎች ምን እንደሚሉ፣ ምንስ እንደማይሉ ለይቶ ማሳየት ነው። የጸሐፊው አቋም በአጭሩ ይህ ነው፦ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል የታየው ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው መድኃኒቱ በማን እጅ፣ በየትኛው ቤትና ለየትኛው ዓይን እንደተሰጠ ከሚለው ነው። ባክቴሪያውን በመግደል ኃይላቸው መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘነጋ ንጽጽር በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ በሕመምተኛው ዓይን ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት የአገራችን ልጆች 40.1 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ይህ አኀዝ 62.6 በመቶ ሲሆን ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በአገሪቱ ካለው ዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶው ትራኮማ በኮርኒያ ላይ ባስከተለው ጠባሳ የመጣ ነው። ስለዚህ በማዘዣ ወረቀት ላይ የምንጽፋት አንዲት መስመር የአንድን ልጅ የወደፊት ብርሃን የምትነካ ናት።

ሁለት ጥናቶች፣ ሁለት ፍርዶች

የንጽጽሩን ታሪክ ለመረዳት ከምዕራብ አፍሪካዊቷ ጋምቢያ የተገኙ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ማንበብ ይጠቅማል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ ነው። አንድ ጊዜ በአፍ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን ለስድስት ሳምንት ከሚቀባው ቴትራሳይክሊን ጋር አነጻጸረ፤ ሕመሙ ለበረታባቸው ከቅባቱ ጋር ኤሪትሮማይሲንም ተጨምሮላቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ አዚትሮማይሲን ከወሰዱት 78 በመቶው፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ 72 በመቶው የሕመሙ ምልክት ጠፍቶላቸው ተገኙ። ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ ሁለቱ ሕክምናዎች ተመጣጣኝ ናቸው ተባለ። «እኩል ናቸው» የሚለው አባባል በብዙ መማሪያ ጽሑፎች የገባው እንዲህ ካሉ ጥናቶች ነው።

ሁለተኛው ጥናት በዚያችው አገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። በዚህ ጊዜ ግን ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ለወጡ፤ ቅባቱ ለልጆቹ አሳዳጊዎች ተሰጥቶ ያለ ማንም ተቆጣጣሪ በቤታቸው እንዲቀቡ ተደረገ። በአሥረኛው ሳምንት ከአዚትሮማይሲን ወገን 68 በመቶው፣ ከቅባቱ ወገን 51 በመቶው ድነው ተገኙ። በስድስተኛው ወር ደግሞ ውጤቱ 88 በመቶ ለ73 በመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት እኩል የተባሉት መድኃኒቶች አሁን በግልጽ ተለያዩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ያው ክላሚዲያ ነው፤ ቅባቱም ያው አንድ በመቶ ቴትራሳይክሊን ነው፤ አገሩም አንድ ነው። ዋናው ልዩነት ቅባቱን የያዘው እጅ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ጥናት ቅባቱ የሚቀባው በሠለጠነ ሰው ወይም በቅርብ ክትትል ነበር፤ በሁለተኛው ግን በቤተሰብ እጅ ብቻ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥናት «ቅባቱ በትክክል ቢቀባ ይሠራልን?» ለሚለው መልስ ሰጠ። ሁለተኛው ደግሞ «ቅባቱን አስይዘን ብንሸኝ ይሠራልን?» ለሚለው መለሰ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ስሕተቱ የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ መጠቀም ላይ ነው።

ከዚህ አንጻር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ትችት ሊቀርብበት ይችላል። ግምገማው በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት ከሚቀባው ይበልጣል ወይም ያንሳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው እጅግ የተለያዩ መሆናቸውንም አልሸሸገም። ሆኖም በክትትል የተቀባውንና ያለ ክትትል የተቀባውን በአንድ ቁና መስፈር ለተመራማሪ የሚጠቅመውን ያህል ለጤና ጣቢያ ባለሙያ አይጠቅምም። ባለሙያው በየዕለቱ የሚያጋጥመው ሁለተኛው ሁኔታ ብቻ ነውና።

ሌላም ሊጤን የሚገባ ነጥብ አለ። በእነዚህ ጥናቶች «ዳነ» የተባለው ሰው የዓይኑ ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይታዩ የነበሩት ነጫጭ ፎሊክሎች የጠፉለት ነው። ፎሊክል ግን ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ ተሐዋሲው ያለበት፣ ነገር ግን ምልክት ገና ያልታየበት ልጅ ይኖራል። ስለዚህ በምልክት ብቻ የሚመዘን ንጽጽር ፈጣኑን መድኃኒት የዘገየ፣ ደካማውንም የበረታ አስመስሎ ሊያቀርብ ይችላል።

የሰማንያ አራት ቅባት ስሌት

ቅባቱ በቤት ውስጥ ለምን እንደሚደክም ለመረዳት ቀላል የሒሳብ ስሌት ይበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ማለት ለአንድ ልጅ 84 ጊዜ መቀባት ማለት ነው። በቤቱ አራት ሕፃናት ቢኖሩ ቁጥሩ 336 ይደርሳል፤ ይህም ሁለቱን ዓይኖች እንደ አንድ ቆጥረን ነው። ይህን ሁሉ እንድትፈጽም የምትጠበቀው ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ በአዝመራ ጊዜ ከባለቤቷ ጋር ማሳ የምትውል እናት ናት። በቡሬና በጃቢ ጠህናን ገጠር በበርበሬ ለቀማ ወቅት እጇ የሕፃን ዓይን ሊነካ የማይችልበት ቀን እንደሚኖር መገመት አያዳግትም። ቅባቱ በተፈጥሮው ዕይታን ያደበዝዛል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ይሸሻል። ከሳምንት በኋላ ዓይኑ ጠርቶ ከታየ ደግሞ ቱቦው ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል ወይም ዓይኑን ላመመው ጎረቤት ይሰጣል።

ይህን «የሕመምተኛ ቸልተኝነት» ብለን ብንሰይመው ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ሰማንያ አራት ጊዜ መደጋገምን የሚጠይቅ መድኃኒት በራሱ ባሕርይ ከባድ ግዴታ የሚጥል መድኃኒት ነው። ይህ ግዴታ እንደ ማንኛውም የጎንዮሽ ጉዳት በንጽጽሩ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል። አዚትሮማይሲን የሚበልጠው በዋናነት በዚህ ነው። በሰውነት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 1 ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ ሥራውን ይሠራል። የሰጪው ዓይን እያየ ስለሚዋጥም ተወስዷል ወይስ አልተወሰደም የሚለው ጥርጣሬ አይኖርም።

ይሁን እንጂ ቅባቱ ቦታውን ጨርሶ አላጣም። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ቅባቱ አሁንም ተመራጭ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት አዚትሮማይሲን መውሰድ የጨጓራ መውጫ መጥበብ ከሚያስከትል አደጋ ጋር ተያይዟል። ከዚህም በላይ ለትራኮማ በልገሳ የሚመጣው አዚትሮማይሲን ለዘመቻ እደላ የተመደበ ስለሆነ፣ በአዘቦት ቀን ጤና ጣቢያ የመጣው ልጅ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ቅባቱን ነው። እንግዲህ ቅባቱን የምናዝ ከሆነ የ84ቱን ቅባት ሸክም ለእናቲቱ ብቻ ትተን መሄድ አይገባንም።

በምሥራቅ ጎጃም የተገኘው ትምህርትና ዋጋው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አንድ ሕመምተኛ ነው። ትራኮማ ግን በአንድ ዓይን የሚቀር በሽታ አይደለም፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይመላለሳል። በዚህ ረገድ ለደምበጫ ባለሙያ እጅግ ቅርብ የሆነው ማስረጃ የተገኘው ከጎረቤት ዞን፣ ከምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። እዚያ በተካሄደው ሰፊ ጥናት ከ1 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን በተሰጠባቸው አካባቢዎች፣ በልጆቹ ላይ የነበረው የተሐዋሲ ስርጭት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን ባልወሰዱት፣ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ነዋሪዎች ላይም ስርጭቱ ከ15.5 ወደ 8.2 በመቶ ቀነሰ። የልጆቹ መዳን ላልታከሙት ጋሻ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም አልፎ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ዘገባ፣ መድኃኒቱን ባገኙት አካባቢዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። የዓይን ቅባት እንዲህ ያለ ውጤት ሊያመጣ አይችልም፤ ከዓይን ውጭ ያለውን ተሐዋሲ አይደርስበትምና።

ነገር ግን ሒስ ሚዛናዊ ሊሆን ይገባዋል። ከዓይን ውጭ መድረሱ ዋጋም አስከፍሏል። በዚያው ወረዳ በየሦስት ወሩ በታከሙት ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ከተገኘው ኒሞኮከስ መካከል ለአዚትሮማይሲን የማይበገረው መጠን በአንድ ዓመት ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ አሻቀበ፤ ባልታከሙት አካባቢዎች 9.2 በመቶ ብቻ ነበር። ኒሞኮከስ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መንሥኤ መሆኑን ለምናውቅ ባለሙያዎች ይህ አኀዝ ሊያሳስበን ይገባል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ክፍል፣ በዓመት አንድ ጊዜ የተሰጠው እደላ ስርጭቱን በ42 ወር ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የተሰጠው ደግሞ ከ38.3 ወደ 3.2 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ግምት ቢያንስ በዚያ ወረዳ አልተረጋገጠም።

አንድ ወረዳ ላይ የታየ ድል ደግሞ ለክልሉ ሁሉ በእኩል አይተርፍም። በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ሳምንት የተሰኘው ዘመቻ በኅዳር 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ተጀምሮ ሚሊዮኖችን አዳርሷል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በተካሄዱት የክልሉ ዳሰሳዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት አራት ልጆች አንዱ ያህል አሁንም የፎሊክል ምልክት ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት የማጥፋት መለኪያ ግን ከ5 በመቶ በታች ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም ባክቴሪያው የሚመላለስበትን መንገድ አይዘጋም የሚለው የቆየ ትምህርት ትክክል መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ሆኖም ይህንንም ትምህርት ከሒስ ነፃ ማድረግ አይቻልም። በዋግ ኽምራ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ውኃ፣ መጸዳጃና የንጽሕና ትምህርት የተሟላላቸው መንደሮች ካልተሟላላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሦስት ዓመት ውስጥ የተሐዋሲ ስርጭት ልዩነት አላሳዩም። ይህ ማለት ፊት መታጠብ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ «ፊታችሁን ታጠቡ» ብሎ መናገር ብቻውን ከመድኃኒት እጥረት ወይም ከሕክምና መቋረጥ አያድነንም ማለት ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ንጽጽሩ ሌላ ገጽታም አለው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያቸውን ሲፍቅ፣ በወረንጦ እየነቀሉ ለዓመታት የቆዩ እናቶች በየቀበሌው ይገኛሉ። ቀዶ ሕክምናው ያቃልልላቸዋል፤ ሽፋሽፍቱ ግን ተመልሶ የሚቀለበስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ በ1,452 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው ጥናት ውጤት ታትሟል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን በወሰዱት ዘንድ መመለሱ በዓመት ከ100 ሰው 6.9፣ ለስድስት ሳምንት ቴትራሳይክሊን በተቀቡት ዘንድ ደግሞ 10.3 ነበር። ክኒኑ መመለሱን በሲሶ ያህል ቀንሷል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ረዘም ላለ ጊዜ የሚዋጥ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአማራ ክልል በ1,000 አዋቂዎች ላይ ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀናት ተሰጥቶ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱ ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ አሳየ። ስለዚህ መድኃኒት በማብዛት የቀዶ ሕክምናን ጥራት መተካት አይቻልም፤ የቀዶ ሐኪሙ እጅና ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ተገቢ ድርሻቸውን ሊያገኙ ይገባል።

ቀይ ዓይን ሁሉ ትራኮማ አይደለም

ከሁሉ በላይ ንጽጽሩን የሚያበላሸው ግን የሕመሙን ዓይነት ሳይለዩ መድኃኒት ማነጻጸር ነው። ድንገት የሚነሣው ተራ የባክቴሪያ የዓይን ቁስለት በአብዛኛው በራሱ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር በ326 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት በሰባተኛው ቀን የክሎራምፌኒኮል ጠብታ ካገኙት 86 በመቶው፣ መድኃኒት የሌለበት ጠብታ ካገኙት ደግሞ 83 በመቶው እንደዳኑ አሳይቷል። ይህ አኀዝ ለምዕራብ ጎጃም በቀጥታ ይሠራል ማለት ግን ጥንቃቄ የጎደለው ይሆናል። እዚያ በዓይናር የተሞላ ዓይን ተራ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ያው ዓይን ቆቡ ሲገለበጥ ትራኮማ ሊገኝበት ይችላል። ቆቡን ሳይገለብጡ ጠብታ ማዘዝ ንጽጽሩን ከመጀመሩ በፊት ያበላሸዋል።

አራስ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ አብጦ መግል ቢፈስሰው ደግሞ የቅባትና የጠብታ ምርጫ ጉዳይ አይደለም። የጨብጥ ባክቴሪያ ኮርኒያን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሊበሳ ስለሚችል በኪሎ 50 ሚሊ ግራም የሴፍትራያክሶን መርፌ፣ ዓይኑን ደጋግሞ ማጠብና አስቸኳይ ሪፈር ያስፈልገዋል፤ ወላጆቹም አብረው መታከም አለባቸው። በወሊድ ጊዜ በሁለቱም ዓይኖች የሚቀባው ቴትራሳይክሊን ለመከላከል እንጂ ይህን ሕመም ለማከም አይበቃም።

በአጨዳና በውቂያ ወቅት የበቆሎ ቅጠል፣ የጤፍ ገለባ ወይም እብቅ ዓይኑን የመታው ገበሬ ሌላው ጉዳይ ነው። ሕመምና የብርሃን ጥላቻ ኖሮ በኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ የኮርኒያ ቁስለት ነው። መንሥኤው ባክቴሪያ ከሆነ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰለ ጠብታ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይጠይቃል፤ ፈንገስ ከሆነ ግን የትኛውም የባክቴሪያ መድኃኒት አይፈውሰውም። ለዚህ ሰው ቅባት አስይዞ «ከሳምንት በኋላ ና» ማለት ዓይኑን እንደ መተው ይቆጠራል። ከዚህም የከፋው ዴክሳሜታሶን ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለበትን ጠብታ መስጠት ነው። ስቴሮይዱ ቅላቱንና ሕመሙን ለጊዜው ያበርዳል፤ ሕመምተኛውም ባለሙያውን ያመሰግናል፤ ቁስለቱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት መሸጫ እንዲህ ያለ ጠብታ ገዝቶ መጠቀም በቁርጠኝነት ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለሙያ ባልደረቦች ይቀርባሉ።

1. መድኃኒት ከመምረጥ በፊት የዓይን ቆብን መገልበጥና ኮርኒያን በባትሪ ብርሃን ማየት ይቅደም። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ምርመራ ነው።

2. ለትራኮማ ምርጫው ሲኖር አንድ ጊዜ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ይቅደም፤ ምክንያቱም በትክክል መወሰዱን ማረጋገጥ ይቻላል። ለትንንሽ ልጆች ክኒን በግድ ማስዋጥ የመታነቅ አደጋ ስላለው ሽሮፕ ይሰጥ።

3. ቅባት ሲታዘዝ የመጀመሪያው ቅባት በባለሙያው ፊት በእናቲቱ እጅ ይቀባ፤ ስድስቱ ሳምንት የሚያልቅበት ቀን ተቆጥሮ ይነገራት፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እንድታውቀው ይደረግ። በጋምቢያ በክትትል የተገኘውን ውጤት ወደ ቤት ለማምጣት ያለው መንገድ ይህ ነው።

4. በየሦስት ወሩ የመሰለ ተደጋጋሚ እደላ የተላመዱ ባክቴሪያዎችን እንደሚያበዛ ታውቆ፣ አዚትሮማይሲንን ለጉንፋንና ለማንኛውም ሳል ማዘዝ ይቁም። ለዓይን የተጠበቀው መድኃኒት በሳል ምክንያት ሊባክን አይገባም።

5. የኮርኒያ ቁስለትና የአራስ መግል ያለ መዘግየት የዓይን ሐኪም ወዳለበት ይላኩ፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ዓይን ባለሙያ ትእዛዝ አይሰጥ።

«የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ለሚለው የተሟላ መልስ ከጥናት ወረቀት ብቻ አይገኝም። ጥናት ሚዛኑን ይሰጠናል፤ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን ግን በየቀኑ በምርመራ ክፍላችን ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሕመምተኛና የመጣበት ቤት ይወስኑታል። ክኒኑም ሆነ ቅባቱ በመጨረሻ የሚመዘነው ዓይኑ ውስጥ በትክክል በመድረሱ ነው፤ ይህን ማረጋገጥ ደግሞ ከአምራቹም ከተመራማሪውም በላይ የአዛዡ ባለሙያ ኃላፊነት ነው።